ባለቤት የሌለው ሥራ

ሶስና ከባሕር ዳር ተመድባ ወደ ደብረ ታቦር ስትመጣ የተሰጣት ሥራ በአፍ ሲነገር ቀላል ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱን በክፍል በክፍል ማደራጀት። ዘመኑ ዘጠና ስድስት፣ ወሩ መስከረም ነው። በየከተማው አዲስ መዋቅር ይሠራ ተብሎ ነበር። እሷም ከኮሌጅ ከወጣች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ሐሳቧ ሁሉ ሣጥንና መስመር በተሣለበት ወረቀት የተያዘ ልጅ ነበረች። ሐሙሲትን አልፋ፣ ወረታ ላይ መኪና ቀይራ፣ ዳገቱን ወጥታ ከተማው ስትደርስ ጉና በጉም ተሸፍኗል። የሚኒባሱ በር ሲከፈት የገባው ብርድ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ።

«ይህን ስስ ልብስ ለብሰሽ ነው የመጣሽው?» አላት ረዳቱ ሻንጣዋን እያወረደ። ደብረ ታቦር የተቀበለቻት በዚህ ንግግር ነው፤ እስከ ዛሬ ትዝ ይላታል።

ማዘጋጃ ቤቱ ያን ጊዜ አንድ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ይርጋ ከጫፍ ያለች ጠባብ ክፍል አላቸው፤ ሌላው ሰው ሁሉ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ይሠራል። አቶ ሙላቴ የቦታና የይዞታ ሰው ናቸው፤ ሸምገል ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ጋቢ የማይለያቸው፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ። ደምሴ የውሃ ሠራተኛ ነው፤ ከየቦኖው ሲመለስ የጫማውን ጭቃ ይዞ ይገባና ፈንታነሽ ስትቆጣው ይስቃል። ፈንታነሽ ጽዳቱንና ቄራውን ይዛለች። ድምፅዋ አዳራሹን አልፎ መንገድ ድረስ ይሰማል። ዑመር የመንገድ መብራት ይጠግናል፤ ዝምተኛ ነው፣ ከመስጊዱ ጀርባ ይኖራል፣ መሰላሉ የሚያድረው አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነው።

ይህ እንግዲህ በስም ነው። በተግባር ሁሉም የሁሉንም ይሠራል። የመብራት እንጨት ሲወድቅ ደምሴ አብሮ ይሸከማል። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ሲጣሉ፣ አቶ ሙላቴ ከሌሉ ፈንታነሽ ሄዳ ታስታርቃለች። ክረምት ላይ አንድ የከሰል ማንደጃ መሀል ላይ ይቀመጥና ባለጉዳዩም ሠራተኛውም እጁን ዘርግቶ ይሞቃል፤ የመጣበትን ጉዳይ እዚያው ለማን እንደሚነግር ሳይጠይቅ ለሁሉም ይነግራል። ሶስና የመጀመሪያውን ሳምንት ጥግ ይዛ ስታያቸው፣ ይህን ሁሉ እንዴት አድርጌ ነው በሣጥን የማስገባው እያለች ተጨነቀች።

ቆርጣ እንድትነሣ ያደረጋት የታች ሰፈር ሴቶች ነገር ነው። አንድ ጠዋት ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው አዳራሹን ሞሉት። የሰፈሩ ቦኖ ከደረቀ ሰንብቷል። ደምሴ ግን ከአቶ ሙላቴ ጋር የመለኪያ ገመድ ይዞ ወደ ጋፋት አቅጣጫ ቦታ ሊለካ ወጥቷል። ዑመር መፍቻ አንሥቶ ልሞክር አለ፤ የዋናው መዝጊያ ቁልፍ ግን ደምሴ ኪስ ውስጥ ነው። ፈንታነሽ ሴቶቹን በአክብሮት አስቀምጣ፣ ስለ ልጆቻቸው ጠይቃ፣ ልታጫውታቸው ሞከረች። ከመካከላቸው አንዲት ነፍሰ ጡር ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ፣ «እኔስ የምፈልገው ውሃ ነው፤ ሰላምታማ ከጎረቤቶቼም አላጣሁ» አለች።

ሶስና ያን ዕለት ማታ ወረቀቷን ዘርግታ መስመሮቿን አሰመረች። ውሃ ለብቻው፣ ይዞታ ለብቻው፣ ጽዳትና ቄራ ለብቻው፣ መንገድና መብራት ለብቻው። ልደትና ጋብቻ፣ አቤቱታና የገበያ ጉዳይ ደግሞ ሕዝብ አገልግሎት በሚል ክፍል ሥር ሆኖ በእሷ በራሷ ይመራል።

መዋቅሩ በአቶ ይርጋ ክፍል ሲነበብ የተቃወመ አልነበረም። ደምሴ እንዲያውም፣ «ከእንግዲህ ገመድ ጎታች አይደለሁም ማለት ነው?» ብሎ ደስ አለው። አቶ ሙላቴ ግን እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

«አንድ የቀረ ሥራ አለ፣ ልጄ» አሉ።

«ምን ቀረ፣ አባባ?»

«ሰው የሌለው ሰው ሲሞት ማን ይቀብራል?»

ሶስና ይህን ሥራ ኮሌጅ ውስጥ ሰምታው አታውቅም። ደብረ ታቦር የመንገድ ከተማ ናት፤ ከቆላ የሚመለስ የቀን ሠራተኛ፣ ሆስፒታል ፍለጋ የመጣ ሕመምተኛ፣ ጠበል ሊጠመቅ የወጣ መንገደኛ ያልፍባታል። ከእነዚህ አንዱ ዘመድ ሳይኖረው ሲሞት እድር የለውም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ነው የሚቀብረው። እስከዚያ ድረስ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት አዳራሹ ነበር። አንዱ «ሰው ሞቷል» ሲል ሁሉም ብዕሩን አስቀምጦ ይነሣል።

«ጽዳት ክፍል ይሁን» አሉ አቶ ይርጋ።

«የጽዳት ክፍል ያለው የቆሻሻ ጋሪ ነው» አለች ፈንታነሽ፣ ድምፅዋን እንደ ልማዷ ሳታነሣ። «ሰው በቆሻሻ ጋሪ አላስወጣም፤ ሌላ ፈልጉ።»

ደምሴ ውሃ ክፍልን ምን አገባው አለ። አቶ ሙላቴ፣ «ቦታውን አሳያለሁ። ከዚያ በላይ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደክሞኛል። ብዙ ሰው ቀበርሁ» አሉ። አቶ ይርጋ ሰዓታቸውን አይተው፣ «ለጊዜው ይቆይ» አሉና ስብሰባው ተበተነ።

በጥቅምት ውስጥ አዳራሹ በኮምፔርሳቶ ግድግዳ ተከፋፈለ። በየበሩ የክፍሉ ስም ተጻፈ፣ ማንደጃውም መሀል የሚባል ቦታ ስላጣ ወደ ዘበኛው ቤት ሄደ። ሥራው እንደተባለውም ተቃና። ደምሴ ከቦኖ ወደ ቦኖ እንጂ ወደ ሌላ አይጠራም፤ የታች ሰፈሩ ቦኖ ደህና አድርጎ ይወርድ ጀመር። ያችው ነፍሰ ጡር ወልዳ፣ ልጇን አዝላ የልደት ወረቀት ልታወጣ ሶስና ጋ መጣችና ሳትንገላታ ተመለሰች። ሶስና ኮራች። ሆኖም ፈንታነሽ ከኮምፔርሳቶው ማዶ ሆና ስትስቅ፣ ምን እንዳሳቃት ሳታውቅ እሷም ፈገግ የምትልበት ቀን ብዙ ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። አንድ ፖሊስ ከመናኸሪያው መጣ። ሶስና ወንበሯ ላይ ሆና ድምፁን በቀጭኑ ግድግዳ ሰማችው። መጀመሪያ ይዞታ ክፍልን አንኳኳ።

«መናኸሪያ ላይ አንድ ሰው ሞቷል። ከጎንደር አውቶቡስ የወረደ ነው። ሰው የለውም።»

«እኔ ቦታ አሳያለሁ እንጂ...» አሉ አቶ ሙላቴ። ፖሊሱ ቀጥሎ ውሃ ክፍልን አንኳኳ። ደምሴ ወደ ጽዳት ላከው። ፈንታነሽ ያለችውን ሶስና አልሰማችም፤ የፈንታነሽ ድምፅ እንደገና ዝቅ ብሎ ነበር። የፖሊሱ እግር ኮሪደሩ ላይ ሲመላለስ፣ ሶስና ያ መናኸሪያ ላይ የተኛው ሰው ራሱ በር በር እያንኳኳ ያለ መሰላት። ተነሥታ በሯን ከፈተች።

«የት ጋ ነው ያለው?» አለችው።

ከጀርባዋ ሌላ በር ተከፈተ። ፈንታነሽ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች። ከዚያ ደምሴ ወጣ። በመጨረሻ አቶ ሙላቴ ቆባቸውን ደፍተው ብቅ አሉና፣ «እንግዲህ ምን ቆማችኋል? እንሂድ» አሉ፤ የዘገዩት እሳቸው እንዳልሆኑ ሁሉ።

መናኸሪያው ሲደርሱ ዑመር ቀድሟቸዋል። አምፖል ሊቀይር ሄዶ እዚያው ቀርቷል፤ መሰላሉን ሜዳ ላይ ጥሎ ከሟቹ አጠገብ ተቀምጧል። ሟቹ ወጣት ነው። ፊቱ በወባ ገርጥቷል፣ እጁ በሰሊጥ አጨዳ ተላልጧል፤ ከመተማ በኩል እንደሚመለስ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። አንገቱ ላይ ማተብ አለ። አቶ ሙላቴ ጎንበስ ብለው አዩትና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው አለበሱት። ከዚያ በኋላ ያ ጋቢ ወደ ትከሻቸው አልተመለሰም፤ መግነዙም እሱ ሆነ።

ደምሴና አቶ ሙላቴ አጠቡት። ዑመርና ፖሊሱ ከከተማው ዳር ባለችው ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ከግንቡ ሥር ቆፈሩ። መሬቱ ገና የክረምቱን እርጥበት አልጨረሰም ነበርና ዶማው ሳያስቸግር ገባ። አባ ገብረእግዚአብሔር የሚባሉ አዛውንት ቄስ ፍትሐት ሊያደርሱ መጡና፣ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብለው ጠየቁ።

ፈንታነሽ አንገቷን ደፋች።

«መቼስ ያለ ስም አልሸኘው» አሉ አባ ገብረእግዚአብሔር፣ ትንሽ አሰብ አድርገው። «የእኔን ይዋስ። ባለቤቱ ያውቀዋል።» በራሳቸው ስም ፈትተው ቀበሩት። ዑመር በፍትሐቱ ጊዜ ራቅ ብሎ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመ፤ አፈር ሲመለስ ግን ቀድሞ መጥቶ አካፋውን ያዘ።

ሲመለሱ አንድ ቦኖ ላይ ቆመው ፈንታነሽ እያፈሰሰችላቸው እጃቸውን ታጠቡ። አቶ ሙላቴ ያለ ጋቢያቸው ሲንቀጠቀጡ ደምሴ ጃኬቱን አውልቆ ደረበላቸው። ሶስና በማግስቱ አቶ ይርጋ ዘንድ ገብታ፣ ያ የተረሳው ሥራ በሕዝብ አገልግሎት ሥር ይጻፍልኝ አለች።

«ብቻሽን ትችይዋለሽ?» አሏት።

«ብቻዬን አይደለሁም፤ አብረውኝ የሚነሡ አሉ» አለች።

ይህን ስትል ግን ነገሩ እየተለወጠ ነበር። ውሃ ራሱን ችሎ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ይሁን ተባለና ደምሴ ከገበያው በላይ ወዳለ ቤት ሄደ። ይዞታ ከከተማ ፕላን ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሌላ ግቢ ወጣ፤ አቶ ሙላቴም ኮሮጇቸውን አንጠልጥለው አብረው ሄዱ። መንገድና መብራትም ወደ ራሱ ግቢ ሲዛወር የዑመር መሰላል ከግድግዳው ላይ ተነሣ። ክረምቱ ሲገባ ከአዳራሹ ሰዎች በረጅሙ ቤት የቀሩት ሶስናና ፈንታነሽ ብቻ ናቸው። ከተማዋ እያደገች ነው፤ ጉዳይም በዝቷል፤ እንዲህ መሆን እንዳለበት ሶስና ታውቃለች፣ ወረቀቱን የጻፈችውም ራሷ ናት። ቢሆንም ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ባዶውን የውሃ ክፍል ከፍታ ታያለች። ኮምፔርሳቶውን ማን አድርጉ አለ ብላ ራሷን ትጠይቅና፣ መልሱ ራሷ ስለሆነች ትስቃለች።

ከቀብሩ በኋላ ዓመት አልፎ፣ ጥምቀት ዋዜማ አካባቢ፣ አንዲት የገጠር ሴት በሯ ላይ ቆመች። ፊቷ በመንገድ አቧራ ተሸፍኗል፤ ጥቁር ነጠላ አገልድማለች።

«ደጅ ያሉት ጌቶች ይህን ቤት አሳዩኝ» አለች። «ሰው የጠፋበት ሰው ወዲህ ነው የሚመጣ?»

ሶስና ተነሥታ ወንበር ሰጠቻት። ሴትዮዋ እመቤቴ ትባላለች፣ የእብናት ሰው ናት። ታናሽ ወንድሟ መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ ነበር። ሲመለስ ታመመ። ጓደኛው ጎንደር ላይ አውቶቡስ አሳፍሮት፣ አዲስ ዘመን ላይ ውረድ ብሎት ተለያዩ፤ የእብናት መንገድ የሚገነጠለው ከዚያ ነውና።

«አዲስ ዘመን ላይ እህል ልሸጥ ወጥቼ ስለነበር ጠበቅሁት» አለች እመቤቴ። «አውቶቡሱ ደርሶ ሄደ። እሱ አልወረደም። ወደ ኋላ ነው የቀረ ብዬ ጎንደር ድረስ ሄድሁ፣ አዘዞ ጠየቅሁ፣ ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞርሁ። ዘንድሮ ነው አንድ ረዳት የነገረኝ፤ እንቅልፍ ይዞት የነበረ ሕመምተኛ ደብረ ታቦር ድረስ አልፎ ሄዶ ነበር አለኝ።»

ሶስና ወንበሯን አስጠጋች። «ምልክት አለው?» አለች።

«ከጆሮው ሥር፣ በቅሎ የረገጠችው ጠባሳ አለ።»

ሶስና ይህን አላየችም። ያጠቡት ሌሎች ናቸው። እመቤቴን ከፈንታነሽ ጋር ትታ ወጣችና የገበያውን ዳገት በፍጥነት ወጣች። ደምሴ መስኮቱ ላይ የተሰለፉ ባለጉዳዮችን ያስተናግድ ነበር። ነገሩን በጆሮው ስትነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። «በግራ በኩል ነው» አለ፤ «ከጆሮው እስከ አገጩ።» ለተሰለፉት ሰዎች፣ «ቀብር አለብኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብሎ መስኮቱን ሲዘጋ የተቆጣ አልነበረም። ከዚያ አቶ ሙላቴን ለመጥራት ሄዱ። ዑመርን ከአንድ የመብራት እንጨት ላይ አገኙት፤ ከሥር ሆነው ሲጠሩት ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ወረደ።

እመቤቴንና ፈንታነሽን ይዘው ወደ ኪዳነ ምሕረት ሲሄዱ አቶ ሙላቴ ፈጥነው መራመድ አቅቷቸው ስለነበር፣ ሁሉም በእሳቸው እርምጃ ዝግ ብለው ሄዱ። መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል። እመቤቴ ስታየው አልጮኸችም። ቁጭ ብላ ሣሩን በእጇ ዳሰሰችው።

«ፈንታሁን» አለች። «አዲስ ዘመን ላይ ቆሜ ጠብቄህ ነበር እኮ።»

ፈንታነሽ ስሙን ስትሰማ ደነገጠች። «በሞተ ልጅ ፋንታ የተወለደ ነው?» አለች።

«አዎ፣ ከእሱ በፊት አንድ ሞቶብን ነበር።»

«እኔም እንዲሁ ነኝ» አለች ፈንታነሽ፤ ከአጠገቧ ቁጭ አለችና አቀፈቻት። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። ሶስና ይህች በሰው ሁሉ ላይ የምትጮህ ሴት ስታለቅስ ያየቻት ያን ቀን ብቻ ነው።

እመቤቴ ዓይኗን ከጠረገች በኋላ ቀና ብላ ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው። «ሲሞት ማን ነበር ከእሱ ጋ? የተናገረው ነገር የለም?»

ዑመር አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ ተናግሮ አያውቅም።

«እኔ ነበርሁ፣ እህቴ» አለ። «ውሃ አጠጣሁት። ብዙ አልተናገረም። ዓይኑን ገልጦ፣ ደረስን ወይ? ብሎ ጠየቀኝ። የት ለመድረስ እንደፈለገ አላውቅም ነበር። ደርሰሃል፣ አይዞህ፣ አልሁት። እሺ አለና ራሱን ጭኔ ላይ አስደገፈ። ውሸት ነው የነገርሁት። አገሩን ጠይቄው ቢሆን ኖሮ እያልሁ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።»

እመቤቴ ወደ እሱ ዞረች።

«ደርሰሃል አልኸው?»

«አዎ።»

«እንግዲያማ ቤቱ የገባ መስሎት ነው የሞተ» አለች። ጎንበስ ብላ የዑመርን ጉልበት ልትስም ስትል ዑመር ደንግጦ ወደ ኋላ አለና ትከሻዋን ይዞ አነሣት።

አባ ገብረእግዚአብሔርን አስጠሩ። እመቤቴ የወንድሟን የክርስትና ስም ነገረቻቸው፤ አሁን በራሱ ስም ጸለዩለት። ዐፅሙን ወደ አገሩ ትወስድ እንደሆነ አቶ ሙላቴ ሲጠይቋት፣ እመቤቴ ዙሪያውን ተመለከተችና፣ «ዘመድ ያለበት አገር ነው፤ እዚሁ ይረፍ» አለች።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ገብተው የተገኘውን አብልተው፣ ወደ አዲስ ዘመን በሚሄደው የመጨረሻ መኪና አሳፈሯት። መኪናው ከዓይን ሲጠፋ ሁሉም ወደየቢሮው መመለስ ነበረበት፤ የሥራ ሰዓት አላለቀም። የተነሣ ግን የለም። ሻይ ቤቱ ደጅ ላይ ባለው አግዳሚ እንደተቀመጡ ደምሴ አዲስ ስለሚዘረጋው ቧንቧ ጀመረ፤ አቶ ሙላቴ ቧንቧው የሚያልፍበትን ቦታ ባለቤቶች እስከ አባቶቻቸው ድረስ እየጠሩ አወጓቸው፤ ዑመር እዚያ መስመር ላይ አንድ መብራት ቢተከል አለ፤ ፈንታነሽ ደግሞ ሁላችሁም ስትቆፍሩ አፈሩን የምጠርገው እኔ ነኝ ብላ ጮኸችባቸው። ሶስና መሀላቸው ሆና ታዳምጣለች። ፀሐይዋ ወደ ወረታ በኩል ስትወርድ ብርዱ መጣ፤ ማንም መሸ አላለም።

ከዚያ ቀን በኋላ አምስቱ በአንድ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። አቶ ሙላቴ በዚያው ዓመት ክረምት ጡረታ ወጥተው ጎንደር ልጃቸው ጋ ገቡ፤ እዚያው አረፉ። ዑመር ሐሙሲት ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ከፈተ። ፈንታነሽና ደምሴ በከተማው አሉ፤ ገበያ ላይ ሲገናኙ ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። ረጅሙ ቤት ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆሟል፤ መዋቅሩም ስንት ጊዜ ተገላብጧል፤ የክፍሎቹ ስም ሲለዋወጥ ሶስናም ከወንበር ወደ ወንበር ተዘዋውራለች። በተዘዋወረች ቁጥር ያንን ሥራ ይዛው ትሄዳለች። አዳዲስ ሠራተኞች ሰው የሌላቸውን ሟቾች መቅበር ከእሷ ክፍል ጋር ምን እንዳገናኘው ግራ እየገባቸው ይጠይቋታል።

«መጀመሪያ የተከፈተው በር የእኔ ስለነበር ነው» ትላቸዋለች፤ ከዚያ ነጠላዋን ታነሣና፣ አብሮ የሚሄድ ካለ ብላ በየክፍሉ ትጠይቃለች። አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም።